ጣሊያን ሲገባ፣ ጣሊያን ሲወጣ፦ በይፋት ቆላ የታላላቅ ድርጊቶች መታሰቢያና የቤተሰብ ትዝታ

የኢትዮጵያ መንግሥታት በየዘመናቸው ያወጧቸው ታሪካዊ በዓላት፣ ለምሳሌ የዓድዋ ድል የሚታሰብበት የካቲት 23፣ የሰማዕታት ቀን የሚባለው የካቲት 12 እና የአርበኞች ድል በዓል የሆነው ሚያዝያ 27፣ አንድን ድርጊት ከአንድ ቁርጥ ያለ ቀን ጋር አስረው በየዓመቱ ያንኑ ቀን ጠብቀው የሚመለሱ ሲሆኑ፣ ድርጊቱ በየቤቱ የሚታወስበት ሥርዓት ግን የራሱ ቀመር አለው። በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በተለይም በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ምድር፣ አንድ ቤተሰብ ጦርነትን፣ ረኃብን ወይም ወረርሽኝን የሚያስበው ሟቹ ባረፈበት ዕለት፣ ልጁ በተወለደበት ክረምት፣ በቅዱሱ ወርኃዊ በዓል ወይም በጨረቃ ወር እየመነዘረ ነው። በዚህም ምክንያት የአደባባዩ በዓልና የቤቱ መታሰቢያ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቀን ይገናኛሉ፣ ብዙ ጊዜም ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ መንግሥት ሲለወጥ የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ መሆኑም ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ይፋት ከመንዝና ከተጉለት ደጋ ጫፍ ተነሥቶ በገደልና በተረተር እየወረደ እስከ አፋር ሜዳ የሚደርስ አገር ሲሆን፣ ስሙ በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያስተዳድረው ከነበረው የእስላም ሱልጣኔት ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ዓምደ ጽዮን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዘመቱበት ይህ ሱልጣኔት ዛሬ ቀርቶ የሚታየው በቆላው ኮረብቶች ላይ በተበተኑት የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሾችና መስጊዶች ነው፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኖራ በ2000 ዓ.ም ገደማ በፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ተጠንቷል። ሸዋ ሮቢት ራሷ በቀወት ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና በ220 ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቀት የተቆረቆረች ሞቃት ከተማ ናት፤ ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ትምባሆ የሚበቅልበት አገር ስለሆነ ደገኛው ሁሉ ለሥራ ይወርድበታል፣ ወባውንም ይፈራዋል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት፣ ስሙንም ከእሑድ ገበያው ያገኘው ሰንበቴ ከዚያው ብዙም አይርቅም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ይኖራል፤ ይህም ለመታሰቢያ ቀን አቆጣጠር ያመጣው ውጤት ወደ ኋላ እንደሚታየው ቀላል አይደለም።

ከደብረ ሲና በላይ ካለው ጣርማ በር እስከ ሮቢት ድረስ ያለው ቁልቁለት በአጭር ርቀት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት የሚያወርድ በመሆኑ፣ በደሴው መንገድ ከሰሜን ወደ ሸዋ መሐል በመኪና የሚያልፍ ሁሉ በዚህ ጠባብ በር ማለፍ ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ የይፋት ቆላ ሰው ታላላቅ ድርጊቶችን ያወቀው አዋጅ ሲነገር ሰምቶ ሳይሆን በደጁ ሲያልፉ አይቶ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም፤ ወራሪ ጦር፣ የተራበ ገበሬ፣ የተሸነፈ ወታደርና የእርዳታ እህል የጫነ መኪና ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። የቤተሰብ ትዝታም የመንገድ ዳር ትዝታ ነው፦ ማን መጣ፣ ስንት ቀን አደረ፣ ምን በላ፣ ማንን ይዞ ሄደ።

ትዝታው የሚቀመጥበትን የዘመን መቁጠሪያ ለይቶ ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። በክርስቲያኑ ዘንድ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም እየዞሩ ይጠራሉ፤ የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር የማያስታውስ ገበሬ «በዘመነ ሉቃስ ነው» ይላል፣ ይህም ከአራት ዓመት አንዱን ስለሚያመለክት ከሌላ ምልክት ጋር ሲደመር ዓመቱን ለመለየት ይረዳል። የወሩ ቀኖች ደግሞ በቅዱሳን ስም ይታወቃሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል ከመባሉ አስቀድሞ መድኃኔ ዓለም ነበረ፣ የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ከመባሉ አስቀድሞ ሚካኤል ነበረ፣ የዓድዋ ውጊያ የተደረገበት የካቲት 23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነበረ፤ ስለዚህ መንግሥት በዓሉን ባይደነግገው እንኳ ቀኑ በቤተ ክርስቲያን ዝክር ተይዞ ይቆይ ነበር። ሙስሊሙ በበኩሉ የሚቆጥረው በሂጅራ ነው፤ የሂጅራ ዓመት በጨረቃ የሚሄድና 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ያለው ስለሆነ፣ በክርስቲያኑ መቁጠሪያ ላይ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እያፈገፈገ በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ይገጥማል። በጥንታዊቱ ይፋት የመቃብር ድንጋዮች ላይ የተቀረጸው ቀን ይኸው የሂጅራ ቀን ነው። በአንድ ጦርነት አብረው የወደቁ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ቢሆኑ፣ ሙት ዓመታቸው ከሞቱበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት በሳምንት ተኩል ይለያያል፤ ከ16 ዓመት በኋላ አንደኛው በበልግ ሌላኛው በመከር ይታሰባል።

ከሁሉ የጠለቀ የዘመን ምልክት ሆኖ የቆየው የኢጣልያ ወረራ ነው። የሠሜኑ ግንባር ከተፈታ በኋላ ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ አስነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የላከው ወደ 1,700 የሚጠጉ መኪናዎች ያሉት ዋናው ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ በዚሁ የይፋት ጠርዝ አልፏል። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች በስዊድናዊው ሻምበል ታም መሪነት ጣርማ በር ሄደው መሽገው መንገዱን በፈንጂ ቢያፈርሱትም፣ ወራሪው መንገዱን አስጠግኖ አለፈና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዋና ከተማዋ የወጡት ከሦስት ቀን አስቀድሞ ነበር። ከእነዚያ ዕጩ መኮንኖች መካከል በኋላ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ጦር ያቋቋሙት ይገኙበታል። ወራሪው ጣርማ በርን በእግሩ ብቻ አልተሻገረውም፤ በቀጠሉት ዓመታት ተራራውን በስቶ 600 ሜትር የሚጠጋ የመኪና ዋሻ አሠራበት፣ አስፋልቱንም ወደ ቆላው አወረደው። ከቆላው ወደ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ እስከ ዛሬ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያልፋል፤ በይፋት «ጣሊያን የሠራው» የሚለው አነጋገር ዋሻውን፣ ድልድዩንና ግፉን በአንድ አፍ መጥራቱ ለባዕድ ሰሚ ግር የሚል ነገር ነው።

የአካባቢው ሰው ዘመኑን ሁሉ በሁለት ምሰሶ መካከል አድርጎ ይቆጥረዋል፦ «ጣሊያን ሲገባ» እና «ጣሊያን ሲወጣ»። የአምስቱ ዓመት ወረራ ከሁለቱ ምሰሶ መካከል ያለ አንድ ረጅም ቀን ይመስል፣ በዚያ ውስጥ የተወለደ ልጅ ሁሉ «የጣሊያን ጊዜ ልጅ» ይባላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ቀን፣ ወራሪው በገባበት በአምስተኛው ዓመት በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም እንዲሆን መደረጉ ውርደቱን በድል የሚሽር የታሰበበት ሥርዓት ነበር፤ የሚያዝያ መድኃኔ ዓለም ሁለት ጊዜ ተመልሶ፣ አንዴ ለሐዘን አንዴ ለደስታ ዋለ። የቀኑ መገጣጠም ውበት ግን በክርስቲያኑ መቁጠሪያ ብቻ የሚታይ ነው። በሂጅራ ቢሰላ ወራሪው የገባበት ዕለት በ1355 የሰፈር ወር አጋማሽ አካባቢ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት ዕለት ደግሞ በ1360 የረቢዐል አኺር ወር የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ይውላል፤ ስለዚህ ለይፋት ሙስሊም ቤተሰብ የገባበት ቀንና የወጣበት ቀን በአንድ ዕለት አይገጥሙም፣ ሁለት የተለያዩ ወራት ናቸው። በተመሳሳይ መንገድ የዓድዋ ድል በሂጅራ ሲቆጠር በ1313 ረመዳን እኩሌታ ላይ መዋሉ በትምህርት ቤት መጽሐፍ የማይገኝ፣ ጾም እየያዙ ስለዘመቱ አያቶች በሚነገርበት ቤት ግን ቦታ ያለው ነገር ነው።

የድሉ ቀን ራሱ አደባባይ ላይ ጸንቶ አልቆየም። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሚያዝያ 27 የንጉሠ ነገሥቱ መመለሻ ስለሆነ፣ የድል በዓሉን አዲስ አበባ ከፋሺስት እጅ ነፃ ወደወጣችበት ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ በዓሉ ወደ ቀድሞ ቀኑ ተመለሰ። በዚህ መካከል ያደገ ተማሪ በትምህርት ቤት መጋቢት 28 ሲሰለፍ፣ በቤቱ አያቱ ሚያዝያ 27ን እንዳትረሳ ቡና አፍልታ ቄጤማ ትጎዘጉዝ ነበር ማለት ለብዙ የሸዋ ቤተሰብ የሚገጥም ነው፤ መንግሥት ቀኑን ቢያነሣም መድኃኔ ዓለምን ማንሣት አይችልምና። መስከረም 2 ቀን የአብዮት በዓል ሆኖ ለ17 ዓመት ሲከበር ኖሮ ከሥርዓቱ ጋር ሲጠፋ በቤት ውስጥ የቀረለት ጠባቂ ብዙም አልነበረም፤ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 20ም በቅርብ ዓመታት የደረሰበት ዕጣ ይህንኑ ይመስላል። ከቅዱስ ስም ወይም ከሟች ስም ጋር ያልተጣበቀ ቀን በአዋጅ ይመጣል፣ በአዋጅ ይሄዳል።

የአርበኝነት ትዝታ በቤት ውስጥ የሚጠበቅበት ዕቃ ከአነጋገሩ ይበልጥ ይናገራል። በአንዳንድ የቀወትና የጣርማ በር ቤቶች ውስጥ፣ ከዋናው ምሰሶ ላይ በጠፍር ታስሮ የሚንጠለጠል ምንሽር ወይም የፈረንሳይ ሥሪት ውጅግራ፣ ጠርዙ የተበላ የጎሽ ቆዳ ጋሻ፣ በሙዳይ ውስጥ ከብርና ከክር ጋር ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የአርበኝነት ሜዳልያ ይገኛል፤ ጠመንጃው አፈ ሙዙ በጨርቅ ተወትፎ፣ ሰደፉ በቅቤ ተወልውሎ የሚወጣው በበዓሉ ቀን ነው። ሜዳልያውን የተቀበለው ሰው ከሞተ በኋላ ልጁ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጁ በሚያዝያ 27 ሰልፍ ላይ ደረቱ ላይ ሰክቶት ይወጣል፤ ፎክሮ የሚጠራውም የራሱን ሳይሆን የአያቱን ስም ነው። የኢትዮጵያ ጥንታዊ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር የመሳሰለው ድርጅት ይህን የቤት ወግ ወደ አደባባይ ቢያወጣውም፣ በነፃነት ማግሥት አርበኝነት በምስክር የሚረጋገጥና ማደሪያ መሬት ለማግኘት የሚያስችል ነገር ስለነበር፣ ትዝታው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጥቅም ጋር ሳይነካካ አልቆየም። ማደሪያ ማለት መንግሥት ለአገልግሎት ካሣ የሚሰጠው፣ በመጀመሪያ ከሹመት ጋር የሚሄድ መሬት ነው።

በዚህ ምክንያት ዝምታውም የትዝታው አካል ነው። በሸዋ የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በይፋት ዙሪያ ሲዋጉ በነበረበት ጊዜ፣ ቆላው ወራሪው መንገዱን ለመጠበቅ የሚያቆመው ሰፈር የነበረበት በመሆኑ፣ አንዱ ወንድም ደጋ ወጥቶ ሲሸፍት ሌላው በቆላ ለመሰንበት ለጣሊያን ማደሩ በየቤቱ ያጋጠመ ነገር ነው። «ባንዳ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ስድብ ስለሆነ፣ የቤተሰቡ ሽማግሌ ታሪክ ሲያወራ ከሁለቱ ወንድማማቾች የአንዱን ስም ብቻ ደጋግሞ ይጠራል፤ የሌላውን የጠየቀ ወጣት «እሱ በንዳድ ነው የሞተው» የሚል አጭር መልስ ያገኛል። በቆላ ንዳድ፣ ማለትም ወባ፣ ብዙ ሰው ስለሚገድል መልሱን ማንም አይጠራጠርም።

የቤት ትዝታ ከጽሑፍ በፊት እውነት ሊይዝ እንደሚችል የሚያሳየው ደግሞ ዘረት በተባለው የመንዝ ቦታ ያለው አመፀኛ ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም መጀመሪያ የአርበኛው የአበበ አረጋይ ተከታዮች፣ ከእነ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸው፣ በዚህ ዋሻ ውስጥ እንደተጠጉ የኢጣልያ ጦር የመርዝ ጋዝ ተጠቅሞባቸው፣ ከዋሻው የወጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተረሽነዋል። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን፣ ጥቃቱ በተጀመረበት ጊዜ ነበር። ኢጣልያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በሮም መዝገብ ቤት ያገኘውን ሰነድ ይዞ በ1998 ዓ.ም ወደ ቦታው ሲሄድ፣ ዋሻውንና ውስጡ ያለውን አፅም የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ ለዓለም «ግኝት» የሆነው ነገር ለጎረቤቱ መቃብር ነበር። ፋሲካ ቀኑ በየዓመቱ የሚለዋወጥ በዓል ስለሆነ፣ አንድን እልቂት በፋሲካ የሚያስብ ሰው በሚያዝያ 1 ከሚያስበው ሰው ጋር በአንድ ቀን የማይገጥምበት ዓመት ይበዛል። ቀኑን ከበዓል ጋር አጋጥሞ ማጥቃት ወራሪው በሌላም ቦታ የሠራበት ነው፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምዕመናን የተያዙት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ አፅም በዓል በሚከበርበት ግንቦት 12 አካባቢ ተሰብስበው ሳለ ነው።

ከጦርነት ውጭ ካሉት ድርጊቶች መካከል የቤት መታሰቢያ ቀን ያገኘው ግንባር ቀደሙ የኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም በዓለም ላይ የተስፋፋው ከባድ ኢንፍሉዌንዛ፣ በኢትዮጵያ በኅዳር ወር ስለበረታ በዚሁ ስም ተጠራ፤ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ገድሏል፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውን ልማድ ብዙ ሰው ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ያያይዘዋል። በዕለቱ ንጋት ወይም ምሽት ላይ እያንዳንዱ ቤት ግቢውን ጠርጎ፣ የማሽላ አገዳውን፣ የተበጠሰ ሰሌኑን፣ ያረጀ ቁምጣውንና የደረቀ ቅጠሉን ከደጁ ሰብስቦ ያቃጥለዋል። ጭሱ እርጥብ ቅጠል ስለሚጨመርበት ነጭና ወፍራም ሆኖ ይወጣል፤ ልጆች በጭሱ ውስጥ ይሯሯጣሉ፣ እናት ሕፃኗን ይዛ ጭሱ እንዲነካው ታሳልፈዋለች፣ አያት «በሽታ ይውጣ፣ ጤና ይግባ» ትላለች። በቆላ ኅዳር ማሽላ የሚታጨድበት፣ ከክረምት በኋላም ወባ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ፣ ጭሱ ትንኝ ማባረሩ አይቀርም፤ ልማዱ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የጸናው በትዝታው ብቻ ሳይሆን በጥቅሙም ሊሆን ይችላል። ሙስሊሙ ጎረቤትም ቀኑን በሚካኤል ስም ባያስበውም፣ ግቢውን ማጽዳቱንና ማጠኑን የሚጋራበት ሰፈር አለ።

ቀን ያላገኙት ግን ከቀን ያገኙት ይበልጣሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የነበረው ክፉ ቀን፣ ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ እርሻ ያቆመበት፣ ሰው የተሰደደበት ረኃብ፣ ለብዙ ዓመት የዘመን መቁጠሪያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ በትውልድ አልፎ ተረስቷል። ከዚያ አስቀድሞ በ1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ በወሎና በአጎራባቹ ሙስሊም ላይ ያመጣው የግዳጅ ጥምቀት ዘመን፣ ከአርጎባ የተወለዱትን የሼህ ጦልሐ ብን ጃዕፈርን ተቃውሞ ያስከተለ ሲሆን፣ የሚታሰበው በዕለት ሳይሆን በመንዙማ፣ ማለትም በነቢዩና በሼሆቹ ውዳሴ ዜማ ነው። በ1953 ዓ.ም በግንቦት መጨረሻ ካራቆሬን ማዕከል ያደረገው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጣቢያን የመሠረቱት ካናዳዊው አባ ፒዬር ጉዋ ያንን መንቀጥቀጥ መዝግበውታል፤ በይፋት ሰው አፍ ግን ድርጊቱ «ምድር የተናወጠች ጊዜ» ተብሎ ለልደት መቁጠሪያ ብቻ ይውላል።

የ1966 ድርቅ ትዝታ በተለይ የመንገድ ትዝታ ነው። ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ቆላ ሰብል የጠፋባቸው ገበሬዎች ወደ ደሴው መንገድ ወጥተው በአስፋልቱ ዳር እየተሰለፉ የሚያልፈውን መኪና ለምነዋል፣ ወደ አዲስ አበባ በእግር ከተጓዙት መካከልም በፖሊስ የተመለሱ አሉ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በ1966 ጥቅምት ላይ በእንግሊዝ አገር ታይቶ ዓለም ከሰማ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን በወረዱበት ዋዜማ፣ በ1967 ዓ.ም አዲስ ዓመት ዕለት ታይቷል። ከዚያ በኋላ የ77ቱ ረኃብ መጣ። ከሁለቱ ረኃቦች በየትኛውም የሞተ ሰው የሚታሰብበት የመንግሥት ቀን የለም፤ «በ66 ሞተ»፣ «በ77 ተሰደደ» ሲባል ቁጥሩ ራሱ የሐዘን ስም ሆኖ ይቀራል። ሬሳ በየመንገዱ ስለቀረና ቀኑን የያዘ ሰው ስላልነበረ፣ ብዙ ቤተሰብ ለረኃብ ሟቹ ተዝካር ያወጣው ወይም ሰደቃ ያደረገው በራሱ በመረጠው ቀን ነው።

ተዝካር ለሟች ነፍስ የሚደረግ ጸሎትና ድግስ ሲሆን፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅ፣ በዓመት፣ ቤተሰቡ ከቻለም በሰባት ዓመት ይወጣል፤ ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ከተደረገ በኋላ ካህናቱና ድሀው ይበላሉ። በሙስሊሙ ዘንድ ሰደቃው ይቀርባል፣ ሌሊቱን በሙሉ የሚቆየውም ወዳጃ፣ ማለትም በቡናና በጫት፣ በዕጣንና በዱዓ የሚደረግ የጸሎት ጉባኤ፣ የሟቹን ስም ከአባቶቹ ስም ጋር አያይዞ ያነሣል። ዱዓ አድራጊው ስሞቹን ሲጠራ ጉባኤው በየአንዳንዱ «አሚን» ይላል፤ ሦስተኛው ስኒ በረካ ሲቀዳ ወጣቶቹ ስለሟቹ የሚጠይቁት፣ ሽማግሌዎቹም የሚመልሱት ያን ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ የታሪክ ጥናት መስክ ስለ ሰሜን ሸዋና ስለ ወሎ የጻፉት ምሁራን፣ በተለይ ሁሴን አሕመድና አሕመድ ሐሰን ዑመር፣ የቃል ትውፊትን እንደ ምንጭ የተጠቀሙት ይህን የመሰለ ጉባኤ ባለበት አገር መሆኑ አይዘነጋም። ጸሐፊው የሚቸገረው ቃሉን በማግኘት ሳይሆን ቀኑን ወደ ዓመተ ምሕረት በመለወጥ ነው፤ «በዘመነ ማቴዎስ፣ ጣሊያን በገባ በሚቀጥለው ዓመት፣ ማሽላው ሲያሽት» የሚል ቃል 1929 ዓ.ምን በትክክል ሲሰጥ፣ «ረቢዐል አወል ላይ» የሚለው ቃል ዓመቱ ካልታወቀ ከአሥራ ሁለቱ ወር በየትኛውም ሊያርፍ ይችላል። በሕዝብ ቆጠራ ላይ የብዙ ሰው ዕድሜ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ሆኖ የሚመዘገበውም ልደቱ በቁጥር ሳይሆን በድርጊት ስለሚታወቅ ነው።

በቅርቡ የደረሱት ድርጊቶች ይህ ሥርዓት ዛሬም እንደሚሠራ ያሳያሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው በደረሰው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ የአጣዬ ከተማ ሰፊ ክፍል ተቃጥሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት የሕወሓት ኃይሎች በዚያው የደሴ መንገድ ወርደው ሸዋ ሮቢት ገብተው እስከ ደብረ ሲና ተጠግተዋል፤ መንግሥት ሸዋ ሮቢትን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 22 ቀን ነው። ለእነዚህ ድርጊቶች የተደነገገ ብሔራዊ የመታሰቢያ ቀን የለም፣ ቤተሰቡ ግን የሚያስበው ሰው አለውና ቀኑን ይዟል። ክርስቲያኑ የ2014ቱን ሟች በየዓመቱ በኅዳር፣ ቤቱና ግቢው በኅዳር 12 ጭስ ከታጠነ በኋላ ባሉት ቀኖች ያስባል፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱ በዚያ ሳምንት የሞተበትን ሰው በረቢዐል አኺር ስለሚያስብ፣ የመጀመሪያው ሙት ዓመት በ2015 ዓ.ም በኅዳር መጀመሪያ ዋለ፣ በሁለተኛው ዓመት ወደ ጥቅምት ገባ። ይኸው የረቢዐል አኺር ወር በ1360 ሂጅራ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት፣ ጣሊያን የወጣበት ወር ነበር፤ በ1443 በጨረቃው ዙረት ተመልሶ ሲመጣ ጦር በዚያው ጣርማ በር ሥር ነበረ።